ጋሼ፣ መለዮው ወለቀ፤ ትእዛዙስ?

«ይህችን አገር የሚያቀናት ወታደር ነው» ይላሉ ጋሼ። «ጄኔራሉ መለዮውን ያውልቅና ይወዳደር፤ ማን ይበልጠዋል?» እድር ላይ ብለውታል፣ ለቅሶ ቤት ብለውታል። ወጣቶቹም እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዕድሜዎን አከብራለሁ፤ በረሃ ላይ ያሳለፉትን ዘመን ደግሞ ከዕድሜዎም አብልጬ አከብራለሁ። ነገሩን ግን አልቀበልዎትም። ስለዚህ ዛሬ ይስሙኝ።

«ወታደር ቆራጥ ነው።»

ነው እንጂ! ቆራጥነቱ ግን የተሠራው ለጠላት ነው። መራጭ ጠላት አይደለም። የለመደው እጅ የሚቃወመው መራጭ ፊት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ድምፄን ከመስጠቴ በፊት ማወቅ አለብኝ።

«ወታደር ዲሲፕሊን አለው።»

አለው፤ ወደ ላይ። የመቶ አለቃው ለሻምበሉ፣ ሻምበሉ ለሻለቃው ሰላምታ ይሰጣል። ተመራጭ ሰላምታ የሚሰጠው ወደ ታች ነው፤ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት ለምትቸረችረው ሴት። አንገቱ ወደዚያ ይዞርለታል ወይ?

«ወታደር ወሬ አያበዛም።»

እኔ የምመርጠው እንዲያወራልኝ ነው። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ጠፋው ውኃ አፉ እስኪደርቅ ይናገርልኝ። ዝምታ ለጥበቃ ማማ ነው የሚመቸው።

«ወታደር አይሰርቅም።»

የሚሰርቅ መምህር አለ፣ የማይሰርቅ መምህር አለ፤ ወታደርም እንደዚያው ነው። መምህሩን ሒሳብ አምጣ ስንለው ግን እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የሁለት ሻለቆች ታሪክ ልንገርዎት፤ አንደኛውን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ሻለቃ ማቲዩ ኬሬኩ ጥቅምት 16 ቀን 1965 ዓ.ም. ያኔ ዳሆሜ፣ ዛሬ ቤኒን በምትባል አንዲት ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር ሥልጣን ያዙ። ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ፣ ሰኔ 1966 ዓ.ም. በተቋቋመው ደርግ ውስጥ ብቅ አሉ። ኬሬኩ አገራቸው የማርክስና የሌኒንን መንገድ እንደምትከተል ያወጁት በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው። የእኛዎቹ ኅብረተሰባዊነትን ያወጁት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ነው። የወር ልዩነት እንኳ የላቸውም። እዚያ አብዮታዊ ምክር ቤት፣ እዚህ ሸንጎ፤ እዚያ አንድ ፓርቲ፣ እዚህ አንድ ፓርቲ፤ እዚያ ሰግባና የሚባል የፖለቲካ እስረኞች ማጎሪያ፣ እዚህ ደግሞ ስሙን ልጥራልዎት ብል ዝርዝሩ ያስመሸናል። ኬሬኩ በ1970ዎቹ ደጋግመው «ተመረጡ»፤ መራጩ የራሳቸው ምክር ቤት፣ ዕጩው እርሳቸው ብቻ። መንግሥቱም ጳጉሜን 1979 ዓ.ም. ላይ «ተመረጡ»፤ መራጩ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ፣ ዕጩው እርሳቸው ብቻ።

«ሕገ መንግሥቱን ግን ሕዝብ አጽድቆታል» እንዳይሉኝ።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጥቷል፤ መንግሥት ራሱ ቆጥሮ 81 በመቶ ደገፈ አለ። ይሁን። የሸንጎ አባላትም ሰኔ ላይ ተመርጠዋል። ዕጩዎቹን ያጣራው ማን ነው? የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ። ኢሠፓን የመራው ማን ነው? 11 አባላት ያሉት ፖሊት ቢሮ። ከ11ዱ ውስጥ 7ቱ ከየት መጡ? ከደርግ። ደርግ ፈረሰ ተባለ፣ ካኪው በሱፍ ተተካ፣ «ሊቀመንበር» የነበረው «ፕሬዚዳንት» ሆነ። ማን ወጣ ጋሼ? ማን ገባ? የወጣም የገባም የለም፤ ልብስ ነው የተቀየረው።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ሻለቆች እኩል ናቸው። አሁን የሚለያዩበትን ይስሙ።

በ1982 ዓ.ም. የካቲት ላይ የኬሬኩ መንግሥት ካዝናው ባዶ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ደመወዝ አላየም፣ ባንኮቹ ወድቀዋል፣ ተማሪው አደባባይ ነው። ኬሬኩ ብሔራዊ ጉባኤ ጠሩ፤ ኮቶኑ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ። የመሩት ጳጳስ ናቸው፤ ሊቀ ጳጳስ ኢዚዶር ደ ሱዛ። ጉባኤተኛው ገና ስብሰባው ሳያልቅ «ከዛሬ ጀምሮ የበላይ ሥልጣን የእኛ ነው» ብሎ ወሰነ። ጦሩ ያለው በኬሬኩ እጅ፣ ታንኩ ያለው በኬሬኩ እጅ፣ አዳራሹ ያለው በኬሬኩ ከተማ ነው። አንድ ስልክ ይበቃቸው ነበር። አልደወሉም። ውሳኔውን ተቀበሉ።

ከዚያ በቀጣዩ ዓመት እውነተኛ ምርጫ መጣ። ተወዳዳሪው አሥራ ሦስት ሰው ነው። ኬሬኩ ለሁለተኛው ዙር አለፉና መጋቢት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ኒሴፎር ሶግሎ ከሚባሉ የዓለም ባንክ ባለሙያ ጋር ገጠሙ። ሶግሎ ከ100ው ወደ 68 የሚጠጋውን ድምፅ ወሰዱ። ሻለቃው ተሸነፉ። ከዚያ ምን አደረጉ? ቤታቸው ገቡ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የእኛው ሻለቃ አውሮፕላን ውስጥ ገቡ። ናይሮቢ፣ ከዚያ ሐራሬ።

መሐላቸው ሁለት ወር አይሞላም ጋሼ! አንዱ በኮሮጆ ወርዶ አገሩ ቀረ፤ ሌላው ሳይወርድ አገሩን ጥሎ ሄደ። ሁለቱም ወታደሮች ናቸው፣ ሁለቱም ማርክሲስት ነን ብለዋል፣ ሁለቱም ሰው አስረዋል። ስለዚህ «ወታደር ይምራን» ሲሉኝ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ወታደር? መሸነፍ የሚችለው ነው ወይስ የማይችለው?

«ኬሬኩ ፈርተው ነው» ይላሉ።

ይፍሩ! እኔ የምፈልገው ሕዝብ የሚፈራ መሪ ነው። ሕዝብን አልፈራ ያለውን አይተነዋል።

«ተሸንፎ የሚሄድ ወታደር ምን ይረባል?»

ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ እኮ! በ1988 ዓ.ም. ያንኑ ሶግሎን በምርጫ አሸነፉ፤ 52 ከመቶ ገደማ አግኝተው፣ በጠባብ ልዩነት። ይህን ጊዜ እኔም መርጫቸው ይሆን ነበር፤ የሚመረጥ መኮንን ማለት እርሱ ነው። አምስት ዓመት ጎረቤት ሆኖ ኖሯል፣ ያለ ሥልጣን ተራ ሰው ሆኗል፣ ያሸነፈው ሰው ቤተ መንግሥት ሲቀመጥ ከውጭ ሆኖ አይቷል። በ1993ቱ ምርጫ ግን አላመሰግናቸውም፤ ሶግሎ ተጭበርብሯል ብለው ከሁለተኛው ዙር ወጡ፣ ቀጣዩም ተፎካካሪ ወጡ፣ በመጨረሻ ኬሬኩ የተወዳደሩት ከራሳቸው ሚኒስትር ጋር ነው። ያ ነውር ነው። ይሁንና በ1998 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ «ሁለት ዘመን በቂ ነው፣ ከ70 ዓመት በላይም አይሆንም» ሲላቸው ሕጉን ለማሻሻል የሚገፋፏቸውን አልሰሙም። ወረዱ።

«ይኼ የቤኒን ነገር ነው፤ እኛ ትልቅ አገር ነን።»

ትልቅ አገር ትልቅ ጦር አለው። ትልቅ ጦር ያለው አገር ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

«አይዘንሃወርስ? ጄኔራል አልነበረም?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ነበሩ፤ ባለ አምስት ኮከብ። እ.ኤ.አ. በ1952 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ማዕረጋቸውን መለሱ። ጦሩ ለምርጫ ሰልፍ አላወጣላቸውም፤ ድምፅ ቆጣሪውም የእርሳቸው ወታደር አልነበረም። ስምንት ዓመት ገዝተው ሲወርዱ ደግሞ ለአሜሪካ ሕዝብ በስንብት ንግግራቸው ምን እንደተናገሩ ያስታውሱ፦ የጦሩና የመሣሪያ ፋብሪካዎቹ ጥምር ጉልበት አገሪቱን እንዳይጫናት ተጠንቀቁ ብለው አስጠነቀቁ። ጄኔራል ሆነው ሕዝቡን ከጦር ጉልበት አስጠነቀቁ! እንዲህ ያለውን ያምጡልኝ፤ ከሰልፉ ፊት እኔ እቆማለሁ።

«ደ ጎልስ?»

የፈረንሳዩ ጄኔራል ደ ጎል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1969 ሕዝበ ውሳኔ ጠርተው ተሸነፉ፤ በማግስቱ ሥልጣን ለቀቁ። ባነሱልኝ ቁጥር የእኔን ነገር እያጠናከሩልኝ ነው ጋሼ።

አሁን እኔ ላንሳልዎት። የግብፁ ፊልድ ማርሻል አብዱል ፈታሕ አል ሲሲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 ላይ በቴሌቪዥን ቀርበው መለዮዬን ላወልቅ ነው አሉ። ግንቦት ላይ ምርጫው ተካሄደ። ሁለት ወር! በሁለት ወር ከጦር አዛዥነት ወደ ሕዝብ ዕጩነት። ከ96 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መኮንን፣ የቀድሞው ኤታማዦር ሹም ሳሚ አናን፣ «እኔም እወዳደራለሁ» አሉ። ምን ሆኑ መሰለዎት? ጦሩ ያለ ፈቃድ ተወዳደሩ ብሎ አሰራቸው።

ይህን ልብ ይበሉልኝ። «ወታደር ይወዳደር» የሚለው ሐሳብ ለሁሉም ወታደር አይሠራም። የሚሠራው ጦሩን በእጁ ለያዘው ለአንዱ ነው። ሁለተኛው መኮንን እጁን ሲያወጣ ካቴና ይገባለታል። እንግዲህ የተወዳደረው ሰውዬው ነው ወይስ ጦሩ?

«96 በመቶ ማግኘትስ ጥፋት ነው?»

የእድራችን ዳኛ ስንት ድምፅ አግኝተው ተመረጡ? እኒያ ሁሉ የሚወዷቸው ሰዎች ባሉበት ሰፈር እንኳ ሲሶው ሌላ ሰው መርጧል። በ300 አባወራ መሐል የማይገኝ ስምምነት በሚሊዮኖች መሐል ተገኘ ሲሉኝ አላምንም። ጋቦንም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ያደረገችው ምርጫ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት ላልሞላው ጄኔራል ከ90 በመቶ በላይ ሰጠ። ሰዉ የቦንጎን ቤተሰብ የግማሽ ምዕት ዓመት አገዛዝ ጠልቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ደስታው እውነተኛ ነው። ጥላቻው ግን የወንበሩን ባለቤት ቀየረ እንጂ ቁጥሩን የሚታመን አላደረገውም። እንዲህ ያለ ቁጥር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ያንኑ ነው፦ ሰውዬው ቢሸነፍ ኖሮ ወዴት ይሄድ ነበር?

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ፤ ይህኛው ስለ ወታደሩ ነው፣ ስለ እርስዎ ነው።

መኮንኑ ፖለቲከኛ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈርሰው ማን ነው? ምክር ቤቱ ነው ይሉ ይሆናል። አይደለም። ጦሩ ነው! በደርግ ዘመን በየክፍሉ አዛዡ አጠገብ የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀመጠ፣ ከእነርሱ ጎን የደህንነት ሰው ተቀመጠ። ለአንድ ግንባር ሦስት አፍ። የጦር አዛዥ ማጥቃትና መከላከልን ሲያቅድ «ፓርቲው ምን ይለኛል?» ማለት ጀመረ። ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን ማን ገደለ? ጠላት አይደለም። በ1980 ዓ.ም. የራሳቸው መንግሥት ረሸናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት ላይ፣ ይመሩት የነበረው የናደው ዕዝ ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ። «የተመረጠው» ፕሬዚዳንት ገና ሰባት ወር አልሞላቸውም ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ ተነሡ፤ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ በዚያው ቀን ሞቱ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ለአንድ ጦር ስንት ዓመት ይፈጃል አንድ ጄኔራል ማፍራት? እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ያ ሁሉ ዕውቀት፣ ያ ሁሉ የሐረር ጦር አካዳሚና የሆለታ ትምህርት፣ ለአንድ ሰው ወንበር ሲባል መሬት ገባ።

ግንቦት 1983 ላይ መሪው ሐራሬ ሲያርፉ እርስዎ የት ነበሩ? አልጠይቅዎትም፤ አንድ ቀን ራስዎ ነግረውኛል። ጫማዎ አልቆ ነበር። ብዙው ወታደር ወደ ሱዳን ተሰደደ፣ ብዙው በየአውራ ጎዳናው ምግብ እየለመነ ወደ መንደሩ አዘገመ። አገር ጠብቅ ተብሎ የዘመተ ሰው «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተቆጠረ። ማን ነው ስሙን ያበላሸበት? ፖለቲካውን በእርሱ ትከሻ ላይ የጫነው መኮንን ነው! ወታደሩ የሕዝብ ሆኖ ቢቀር ኖሮ መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ባልወደቀ ነበር። ስለዚህ «ወታደር ይምራን» የሚለውን ከማንም በፊት መቃወም ያለብዎት እርስዎ ነበሩ።

«ታዲያ ወታደር ዜጋ አይደለም? አይወዳደር ነው የምትለኝ?»

ይወዳደር እንጂ! ዜጋ ነው፣ ከብዙዎቻችን የበለጠ ከፍሏል። እኔ የምጠይቀው ጊዜ ነው። የቤኒን ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር የሚፈልግ ወታደር አስቀድሞ ከጦሩ ይሰናበት ይላል፤ አስቀድሞ ነው የሚለው። እስራኤልም አለችልዎት፤ ጄኔራል እንደ እስራኤል የሚወደድበት አገር ጥቂት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ራቢን፣ ባራክ፣ ሻሮን ሁሉም ከጦሩ የመጡ ናቸው። ያች አገር እንኳ ከፍተኛ አዛዥ ከጦሩ ከወጣ በኋላ ለምርጫ ለመቅረብ የሚጠብቀውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስድስት ወር ወደ ሦስት ዓመት አሳደገችው። ቤኒ ጋንትስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኤታማዦር ሹምነት ወርደው ለምርጫ የቀረቡት በ2019 ነው። አሜሪካኖቹ ለመከላከያ ሚኒስትርነት እንኳ ከጦሩ ከወጣ ሰባት ዓመት ያልሞላውን መኮንን፣ ጄኔራል ከሆነም አሥር ዓመት ያልሞላውን፣ ያለ ኮንግረስ ልዩ ፈቃድ አይሾሙም።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል ይላል፤ ሠራዊቱ ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ያከናውናል ይላል። ደም ፈስሶበት የተጻፈ መስመር ነው። በሚያምር ጄኔራል ፎቶግራፍ አንለውጠውም።

«ሦስት ዓመት ይጠብቅ? አገር እየነደደ?»

አገር እየነደደ ከሆነ ጄኔራሉ የሚፈለገው ግንባር ነው፤ ምርጫ ጣቢያ ምን ያደርጋል? እሳቱ ከጠፋ ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል?

«ሲጠብቅ ይረሳል።»

ከተረሳ ሲጀመርም የተወደደው ሰውዬው አልነበረም፤ ማዕረጉ ነው።

«እሺ፤ ሦስት ዓመት ጠበቀ፣ መጣ። በምን ታውቀዋለህ ደህና መሆኑን?»

በሠፈሩ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ቀበሌ ተሰልፎ ያውቃል ወይ? ትራፊክ ሲያስቆመው ማን እንደሆነ ሳይናገር ይቀጣል ወይ? በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሹፌር «ተሳስተሃል» ሲለው ይቀመጣል ወይስ ይቆማል? ጋዜጠኛ ስለ ድሮ ዘመቻው ክፉ ጥያቄ ሲጠይቀው ይመልሳል ወይስ የድሮ ሎሌውን ይጠራል? ከሁሉም በላይ ጋሼ፣ ለወረዳ ምክር ቤት ተወዳድሮ ቢሸነፍ ያሸነፈው ሰው ቤት ሄዶ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል ወይ? ይህን ካደረገ ለፓርላማም እመርጠዋለሁ።

«አንተስ ለማን ልትመርጥ ነው?»

በተሸነፈ ቀን ቤቱን ለሚያውቅ ሰው። ወታደርም ይሁን መምህር፣ ጳጳስም ይሁን ባለሱቅ። እርስዎ ቢወዳደሩ ደግሞ ጋሼ፣ ከጦሩ ከወጡ ሠላሳ ዓመት አልፎዎታል፣ እድሩ ላይ ሁለቴ ተሸንፈው ሁለቴም በማግስቱ ድንኳን ለመትከል የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ። ፎርሙን እኔ አመጣልዎታለሁ፤ የድጋፍ ፊርማውንም በር ለበር እየዞርኩ እኔው አሰባስብልዎታለሁ።